ምድቡን ይነግራል፣ ቁመቱን ግን አይነግርም፦ የካሊፎርኒያው የሴይስሚክ ካርታ ድረ ገጽ

በአሜሪካ የኮንክሪት ሺር ዎል (የመሬት መንቀጥቀጥን የጎን ግፊት የሚሸከም ግድግዳ) ያለው ሕንፃ ሲነደፍ፣ የሕንፃውን የቁመት ጣሪያ በዋናነት የሚወስነው ቦታው የሚያገኘው የሴይስሚክ ዲዛይን ምድብ፣ ማለትም ለመሬት መንቀጥቀጥ ጥንቃቄ ከኤ እስከ ኤፍ የሚሰጠው ፊደል ነው። ይህን ምድብ ለማወቅ የካሊፎርኒያ ስትራክቸራል መሐንዲሶች ማኅበር ከግዛቱ የሆስፒታል ግንባታ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጋር ያዘጋጀውን ድረ ገጽ አዘውትሬ እጠቀማለሁ። ክፍያም ምዝገባም አይጠይቅም፤ አድራሻው ከገባ፣ የደንቡ እትም፣ የሕንፃው የአደጋ ምድብ (ሕንፃው ቢጎዳ የሚደርሰው መዘዝ ክብደት፣ ከ1 እስከ 4) እና የአፈሩ ዓይነት (ይህም በራሱ ፊደል የሚጠራ) ከተመረጡ በኋላ ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም (ዩ.ኤስ.ጂ.ኤስ.) የመጡት የመሬት ንዝረት ቁጥሮች ወዲያው ይደረደራሉ።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው አንዱን ምርጫ ብቻ ሲለውጡ ነው። በአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የሕንፃ ጭነት ደንብ (ኤ.ኤስ.ሲ.ኢ 7) 7-16 እትም መሠረት የአንድ ሰከንድ የንዝረት ዋጋው (ኤስ-1) 0.75 እና ከዚያ በላይ በሆነ፣ ለመሬት ቅርፊት ስንጥቅ (ፎልት) ቅርብ በሆነ ቦታ ላይ አፈሩን ሲ ብለው ይምረጡ፤ የአደጋ ምድብ 2 የሆነው መኖሪያ ሕንፃ ምድብ ኢ ያገኛል፣ በዚያው አድራሻ ምድብ 4 የሆነው ሆስፒታል ደግሞ ኤፍ። የፊደሏ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ልዩ የብረት አደራደር ዝርዝር ያለው ሺር ዎል በምድብ ዲ እና ኢ እስከ 160 ጫማ (49 ሜትር ገደማ) ሲፈቀድለት፣ በኤፍ ከ100 ጫማ አያልፍም። ተራው ሺር ዎል ከዲ ጀምሮ ጭራሽ አይፈቀድም።

ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው። ድረ ገጹ ፊደሉን ሰጥቶ ይቆማል፤ የቁመቱን ሠንጠረዥ ፍለጋ ወደ ደንቡ ምዕራፍ 12 መሄድ የተጠቃሚው ፈንታ ነው። እዚያም ቢሆን ሠንጠረዡን ብቻ ያነበበ ይሳሳታል፤ ሕንፃው ከፍተኛ የመጠምዘዝ ችግር ከሌለበት፣ በአንድ መስመር ላይ ያሉት ግድግዳዎችም በየአቅጣጫው ከጠቅላላው የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል ከ60 በመቶ በላይ ካልተሸከሙ፣ 160 የነበረው ወደ 240፣ 100 የነበረው ወደ 160 ጫማ ከፍ ይላል። ልዩ ሞመንት ፍሬም (ምሰሶና አግዳሚው በጠንካራ መጋጠሚያ የጎን ኃይልን የሚሸከሙበት ማዕቀፍ) ታክሎበት ቢያንስ 25 በመቶውን ኃይል መሸከም ከቻለ ደግሞ የቁመት ገደቡ ይነሣል።

አዲስ ተጠቃሚን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ፦ በ7-16 አፈሩ ዲ ተብሎ ኤስ-1 0.2 ሲደርስ፣ በቁጥሩ ቦታ አንቀጽ 11.4.8ን ተመልከት የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ደንቡ ለቦታው የተለየ ጥናት ወይም በአንቀጹ የተዘረዘሩትን አማራጮች ስለሚጠይቅ ነው፣ በግምት ከመሙላትም ይሻላል።

አገልግሎቱ ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። በዩሮኮድ 8 (የአውሮፓው የመሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን ደንብ) ላይ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ኢ.ኤስ. ኢ.ኤን. 1998-1:2015 በሜትር የተቆረጠ የቁመት ጣሪያ ስለማያስቀምጥ፣ ይልቁንም በዳክቲሊቲ ደረጃ (ሕንፃው ሳይፈርስ የመተጣጠፍ አቅሙ) እና በቢሄቪየር ፋክተር (በዚያ አቅም ልክ የዲዛይን ኃይሉን በሚቀንሰው ቁጥር) ስለሚሠራ፣ 160 ጫማን ለአዲስ አበባ ሕንፃ መለኪያ ማድረግ መሠረት የለውም።

ለመነሻ ዲዛይን ያለማመንታት እመክረዋለሁ። ውጤቱን ሲያትሙ ቀኑ፣ የደንቡ እትም፣ የአደጋ ምድቡና የአፈሩ ዓይነት አብረው ስለሚወጡ፣ ወረቀቱ ከስሌቱ ፋይል ጋር እንዳለ ሊያያዝ ይችላል።