ለዶሮ እግር ቁስል የሚገዙ ነገሮች፦ የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

ዶሮ ማነከስ ስትጀምር የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን መርፌ ትወጋ?» የሚል ነው። መርፌው ይቆይና ውስጥ እግሯ ይታይ። መሃሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ካለ፣ ዙሪያው ካበጠና ከሌላኛው እግር ይልቅ ከጋለ፣ ባምብልፉት የሚባለው የውስጥ እግር ቁስል ነው። በትንሽ ጭረት የገባ ባክቴሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ፣ ከቆዳው ሥር መግል ይቋጥራል። የዶሮ መግል ደግሞ እንደ ሰው አይፈስም፤ እንደ አይብ ጠጥሮ ይቀመጣል። ከላይ የሚረጭና የሚቀባ ነገር ብዙ የማይፈይደው ለዚህ ነው። ከገበያው ዕቃ ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ራሱን በራሱ የሚይዘው ፋሻ ነው።

ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። ክር ወይም የሰው ፀጉር ተጠምጥሞ ጣት የሚያሳብጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በተለይ ሹሩባ የሚሠራበት ግቢ ውስጥ። ለዚህ ትንሽ መቀስና ትዕግሥት ይበቃል።

ፋሻው ቬትራፕ ወይም ኮባን በሚሉት ስሞች ይታወቃል፤ ሌሎች አምራቾችም ተመሳሳዩን ይሠራሉ። ይለጠጣል፣ ቆዳና ላባ ላይ አይጣበቅም፣ ራሱ ላይ ብቻ ይይዛል። ተራ ፕላስተር በዶሮ እግር ቅርፊት ላይ ግማሽ ቀን አይቆይም፤ ተራ ፋሻ ደግሞ ስትጭር ይፈታል። ይህኛው ግን በደንብ ከታሰረ ሁለት ቀን ይቆያል። ለእንስሳት የሚሸጠው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ለዶሮ በጣም ሰፊ ነው። በመቀስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት እየተደረገ ሲቆረጥ አንድ ጥቅል ለብዙ ሳምንት ይበቃል። የሰው ፋርማሲ ውስጥ 2.5 ሴንቲ ሜትሩ ከተገኘ እሱን ለሁለት መሰንጠቅ ይቀላል። ርካሹን ስትገዙ ጫፉን እጥፍ ያህል ለጥጣችሁ ልቀቁት፤ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ወይም ራሱ ላይ ካልያዘ አትግዙ። ቀዩን ቀለም ተዉት፤ ሌሎቹ ዶሮዎች ቀይ ነገር ባዩ ቁጥር ይነቁራሉ።

ትልቁ ጉድለቱ መጥበቁ ነው። ተለጥጦ የታሰረ ፋሻ ከታሰረ በኋላም መሰብሰቡን አያቆምምና ደም ይዘጋል። መጀመሪያ የተቆረጠውን ከጥቅሉ አላቅቃችሁ እንዲሰበሰብ ተዉት፤ ከዚያ ሳትጎትቱ ዝም ብላችሁ አስተኙት። ካሰራችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቶቹን ዳሱ፤ ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ወዲያው ፍቱት። ሁለተኛው ጉድለት እርጥበት ነው። በክረምት ጭቃ የነካው ፋሻ ቁስሉን ያርሰዋል፣ ስለዚህ ከረጠበ በዚያው ቀን ይቀየር። የወለቀውን መልሶ ማሰርም አይሆንም፤ መያዣው ያልቃል።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። ዶሮዋን በፎጣ ጠቅልላችሁ ዓይኗን ሸፍኑ፤ ደረቷን ግን አትጫኑ፤ ዶሮ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን እያንቀሳቀሰች ስለሆነ ትታፈናለች። ጓንት አድርጉ፤ ባክቴሪያው ወደ ሰው ቁስልም ይገባል። እግሯን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አቆይታችሁ፣ አጥባችሁና አድርቃችሁ ቁስሉን በጎዝ ሸፍኑ። ከአሮጌ ስፖንጅ ነጠላ ጫማ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ቆርጣችሁ፣ ቀዳዳው ቁስሉ ላይ እንዲውል አድርጉት። ክብደቷ በቀለበቱ ላይ ያርፍና ቁስሉ ይተነፍሳል። ይህች ያለ ዋጋ የምትገኝ ቀለበት ከብዙ ቅባት ትበልጣለች። ከዚያ ፋሻውን ከቅልጥሟ በታች ጀምራችሁ፣ በጣቶቹ መሃል አሳልፋችሁ፣ በውስጥ እግሯ ሥር አዙራችሁ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ሦስት ወይም አራት ዙር ጠምጥሙ። የኋላው ጣት ነጻ ይሁን፤ ካልሆነ ሚዛኗን ስታ ትወድቃለች። ለጥቂት ደቂቃ እግሯን ከፍ እያደረገች እንግዳ አረማመድ ትረግጣለች፤ ይህ አያስደንግጣችሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በየቀኑ፣ እብጠቱ ሲቀንስ በየሁለት ቀኑ ይቀየራል።

ቁስል ማጠቢያው ፖቪዶን አዮዲን ሁለተኛው ጥሩ ግዢ ነው፤ በየፋርማሲው አለ፣ ዋጋውም አይከብድም። ስህተቱ ያለው 10 በመቶውን እንዳለ ማፍሰስ ላይ ነው። አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ንጹሕ ውሃ ጋር ሲደባለቅ ይበቃል። በአልኮል የተበጠበጠውን አዮዲን ከዚህ ጋር አታምታቱ፤ ያቃጥላል። አረፋ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም የሚያድነውን አዲስ ሥጋ ጭምር ይጎዳል።

ኤፕሶም ጨው (ማግኒዚየም ሰልፌት) ዝናው ከሥራው ይበልጣል። ቅርፊቱን የሚያለሰልሰው በዋናነት ለብ ያለው ውሃ ነው። ካላችሁ በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፤ ከሌላችሁ ፍለጋ አትውጡ። ጨው የገባበትን ውሃ እንዳትጠጣው ጠብቁ፤ ያስቀምጣታል።

ወደ ሰማያዊው ስፕሬይ እንምጣ። ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለበት ይህ ስፕሬይ ላዩ ለተፋቀ ቁስል ይሆናል፤ ቅርፊት ሥር ለጠጠረ መግል ግን አይደርስም። ይባስ ብሎ ቀለሙ ቅላቱን ስለሚሸፍነው ቁስሉ እየባሰ ይሁን እየዳነ መለየት አይቻልም። አንቲባዮቲክ በመሆኑም እንቁላል ለሚበላ ቤት ማሸጊያው ላይ ያለው የጥንቃቄ ጊዜ (እንቁላሉ የማይበላባቸው ቀናት) መነበብ አለበት። ለዚህ ቁስል ብላችሁ አትግዙት። ንጹሕ ማር በጎዝ ላይ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል፤ ስኳር ያልተቀላቀለበት ከተገኘ። ጉንዳን መጥራቱ ግን አይቀርም።

ቅርፊቱን በምላጭ ከፍቶ የጠጠረውን መግል ማውጣት በቪዲዮ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ከውስጥ እግሩ ቆዳ ሥር ወዲያው ጅማት አለ፤ ማደንዘዣ በሌለበት ደግሞ ሕመሙ ከባድ ነው። ለስልሶ በራሱ ካልተነሳ አትጎትቱት። እብጠቱ ወደ ቅልጥሟ ከወጣ፣ እግሯን መሬት ማስነካት ካቆመች ወይም በሳምንት ውስጥ ለውጥ ከሌለ የእንስሳት ሐኪም ይያት። የመርፌውን ዓይነትና መጠን የሚወስነው እሱ ነው። በአዲስ አበባና አካባቢው ላለ ሰው ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አንድ አማራጭ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ቁስል የለም፤ የእግሯ ቅርፊት ተነሥቶ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ይታያል። ያ ከቅርፊት ሥር የሚኖር ቅንቅን ነው፣ ፋሻ አይፈታውም። እግሯን በሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቫዝሊን ወፍራም አድርጎ መቀባት፤ ይህንን በየጥቂት ቀኑ እየደገሙ ብዙ ሳምንት መቀጠል። ቫዝሊኑ ተባዩን ያፍነዋል። አብረዋት ያሉትም ሁሉ ይቀቡ፤ አንዷን ብቻ ማከም ገንዘብ ማባከን ነው።

ቁስሉ ሲድን የሚቀረው ቆጡ ነው። እንደ ሳሶ ያሉ ከባድ ዶሮዎች ከከፍታ ሲዘሉ ውስጥ እግራቸው መሬቱን ይመታል፤ ቆጡን ከ50 ሴንቲ ሜትር በታች አድርጉት። እንጨቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት ይለስልስ፣ ሚስማርና ስንጥር እንዳይኖረው በእጅ ይዳሰስ። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ገለባ ይጎዝጎዝ፤ ውሃ መጠጫው ሥር ያለው የረጠበው ክፍል በየቀኑ ይነሣ።