የኤርባግ መብራት አልጠፋ ላላችሁ፦ አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ የምስጋና ጽሑፍ ነው። ምስጋናው ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያና አብራቸው ለምትሠራ ልጅ ነው። ትንሽ ይረዝማል። ግን መኪና የምትነዱ ሁሉ፣ በተለይ እንደ እኔ ቁመታችሁ አጠር ያለ እህቶቼ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መኪናዬ ኮሮላ ናት። እ.ኤ.አ. የ2009 ስሪት፣ ከአሜሪካ የገባች። አስቸግራኝ አታውቅም። አንድ ቀን ግን ዳሽቦርዷ ላይ የኤርባግ መብራት በራ። ኤርባግ ማለት አደጋ ሲደርስ በቅጽበት ተነፍቶ ሰውን ከመመታት የሚያድነው ከረጢት ነው። የተቀመጠ ሰው፣ ፊቱ ላይ ክብ ነገር ያለበት፣ ታውቁታላችሁ። እናቴ "ኳስ የታቀፈው ሰውዬ" ትለዋለች። መኪናዋ እንደ ድሮዋ ትሄዳለች። ድምፅ የላት፣ ሽታ የላት። ሰውዬው ግን አልጠፋ አለ።

"ምንም አይልሽም፣ ዝም ብለሽ ንጂ" ያለኝ ሰው ብዛቱ! እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ያ መብራት በርቶ ከቀረ፣ አያድርገውና አደጋ ቢደርስ ኤርባጉ ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። በዚህች መኪና እናቴን ለክትትል ሆስፒታል አመላልሳለሁ። ልጄን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ባለቤቴ የሚሠራው ውጭ አገር ነው። ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ቀለበት መንገዱ ላይ ከሲኖትራክ ጎን ስሆን ዓይኔ ወደዚያ መብራት ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ መንዳት ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

የዞርኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም። የሆነውን ግን ልናገር።

አንዱ ጋ ስካነር፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያ፣ ሰኩ፣ መብራቱን አጠፉት፣ ሒሳብ ተቀበሉኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቤቴ ሳልደርስ መልሶ በራ። ስመለስ እንደገና አጠፉት፣ እንደገና አስከፈሉኝ። ለምን እንደሚመለስ ስጠይቅ "መኪና ነው እኮ" አሉኝ። ይህ መልስ ነው?

ሌላ ቦታ ደግሞ የኤርባጉ ኮምፒውተር ተቃጥሏል ተባልኩ። የጠሩልኝ ዋጋ የልጄን የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ያህላል። "በምን አወቃችሁ?" ስላቸው የሚመልስልኝ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ያየኋቸው ደግሞ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ የሾፌር ወንበር እንድገዛ መከሩኝ። ሙሉ ወንበር! የኔው ወንበር ምን እንደሆነ የነገረኝ ሳይኖር።

አንዱ ይባስ ብሎ "አምፖሏን ላውጣልሽና ተገላገይ" አለኝ። ቦሎ ስታሳድሺም አታስቸግርሽም፣ ስትሸጪም ገዢ አያይብሽም ሲል እንደ ትልቅ ውለታ ነበር የሚያወራው። ነገ መኪናዋን ስሸጥ የምትገዛው የሌላ ሰው እናት ናት እኮ። እንዲህ ያለ ምክር እንዴት ከሰው አፍ ይወጣል?

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን "ባለቤትሽን ላኪልን፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን" የተባልኩት ነው። መኪናዋ የኔ፣ ከፋይዋ እኔ፣ ነጂዋም እኔ። እዚያው ፊታቸው ቆሜ ነው ይህን የሚሉኝ። የዚያን ቀን እንባዬን እየጠረግኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

በመጨረሻ የዕቁብ ጓደኛዬ እኚህን ሰው ጠቆመችኝ። ጎፋ አካባቢ ጠበብ ያለች ጋራዥ አለቻቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ተስፋ ይዤ አልሄድኩም።

ጋሼ በሩን ከፈቱ። አንድ እግራቸውን ሊያስገቡ ሲሉ ቆም አሉ። ወንበሩን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"እህቴ፣ ሁልጊዜ እዚህ ድረስ አቅርበሽ ነው የምትነጂው?"

"አዎ ጋሼ። አለዚያ እግሬ ፍሬኑ ላይ በደንብ አያርፍም።"

"እስካሁን ያዩልሽ ሰዎች ሲገቡ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍተውታል?"

አስታወስኩ። ሁሉም! አንድ ሳይቀር ሁሉም መጀመሪያ የሚያደርጉት ወንበሩን እስከ ኋላ መግፋት ነበር። ረጃጅም ወንዶች ናቸው፣ እንዲያ ካላደረጉ አይገቡም።

"እንግዲያው እኔ አልገባም። አንቺ ግቢ" አሉኝ።

ገባሁ። እሳቸው ስካነሩን ይዘው ውጭ ቆሙ። "ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ሂጂ" አሉኝ። ሄድኩ። "አሁን ወደ ፊት። አንድ አንድ ጥርስ።" ተጠጋሁ። እኔ የምነዳበት ቦታ ላይ ስደርስ "እዚያው ቁሚ!" አሉ። ስካነሩን ወደኔ አዙረው አሳዩኝ። ወንበሩ ኋላ ሲሆን በትክክል ያነባል። እኔ የምቀመጥበት ጋ ሲደርስ ንባቡ ይጠፋል። ደግመው አስሞከሩኝ። ያው ነው። እነዚያ ሁሉ ጋራዦች መኪናዬን ሲመረምሩ ችግሩ በሌለበት ቦታ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ ወጥቼ ወንበሬን ሳቀርብ መብራቱ ይመለሳል።

ይህን ለማወቅ የፈጀባቸው አንድ ጥያቄ ነው። እኔን መጠየቅ። ሌላ ማንም ያላደረገው እሱን ነበር።

ከዚያ ባትሪውን ፈቱ። ወዲያው ሥራ የሚጀምሩ መስሎኝ ነበር፣ እሳቸው ግን ዝም ብለው ቆሙ። ለምን ብላቸው ኤርባግ ባትሪው ከተፈታ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ኃይል ይዞ እንደሚቆይ፣ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠብቁ የሱን ሽቦ መንካት ልክ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ቢጫ ሶኬት ያለበትን ሽቦ ያልተማረ እጅ እንዲነካው አትፍቀጂ አሉኝ። በየጋራዡ ያ ቢጫ ሶኬት ቁልፍ እንደበራ ሲጎተት ያየሁት ትዝ ብሎኝ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ወንበሩ ሥር የገባችው ልጅቷ ናት። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ የወጣች፣ ቀጭን፣ ፈጣን ልጅ። የእጅ ባትሪዋን አብርታ ገባች፣ ብዙም ሳትቆይ "ጋሼ፣ አገኘሁት" አለች። እሳቸው ሄደው አረጋገጡ። ከዚያ "አንቺ አስረጂያት፣ ያገኘሽው አንቺ ነሽ" አሏት። እኔ በዚህ ልቤ ተነካ። ስንቱ ባለሙያ ነው የተማሪውን ሥራ የራሱ አድርጎ የሚያወራው!

ልጅቷ ያስረዳችኝ ይህን ነው። የመኪናዋን ወንበሮች አዲስ ልብስ ሲያለብሱልኝ ወንበሩን ፈትተውት ነበር። ሲመልሱት ሽቦውን አሳጥረው አሰሩት። ወንበሩ ወደ ፊት ሲመጣ ሽቦው ይወጠራል። ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን ተበጥሷል። ያ ሽቦ የሚሄደው የወንበሩን ቦታ ለኤርባጉ ኮምፒውተር ወደሚያስታውቅ ትንሽ ዕቃ ነው። ሴንሰር ይሉታል። ሴንሰሩ ራሱ ደህና ነበር። ኮምፒውተሩም ደህና ነበር። ወንበሩማ ምን በወጣው! እንዴት እንደጠገኑት በዝርዝር አልገባኝም። የገባኝ ሽቦው አሁን ወንበሩ የትም ቢሄድ እንዳይወጠር አርገው እንዳሰሩት ነው።

ጋሼ ዕቃው ለምን እንደሚጠቅም ሲነግሩኝ ደግሞ ይበልጥ ደነገጥኩ። ኤርባግ የሚፈነዳው ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ነው፣ በኃይል ነው። መሪው አጠገብ የተቀመጠ ሰው በራሱ በኤርባጉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ያ ሴንሰር "ይህች ሾፌር ቀርባለች" ብሎ ይናገራል፣ ኤርባጉም ጉልበቱን ይቀንሳል። እንግዲህ አስቡት። ዕቃው የተሠራው ለኔ ዓይነቷ አጭር ሴት ነው። የተበላሸውም እኔ በምቀመጥበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደማልረሳው ነገር ልምጣ። ሥራው አልቋል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ጋሼ ግን ሜትር አምጥተው እንደገና ግቢ አሉኝ። ከመሪው መሃል እስከ ደረቴ ለኩ። አነሰ። አሜሪካኖቹ የመንገድ ደኅንነት ሰዎች ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር ይሁን ይላሉ አሉኝ። ወንበሩን ከፍ አደረጉልኝ፣ መደገፊያውን ጥቂት ወደ ኋላ አስተኙ፣ መሪውን ዝቅ አደረጉ። እግሬ ፍሬኑ ላይ በደንብ ያርፋል፣ ደረቴ ግን ራቀ። ስንት ዓመት ስነዳ እንዲህ አድርጎ ያስቀመጠኝ ሰው አልነበረም። ነፍሱን ይማረውና አባቴ መንዳት ሲያስተምረኝ በቮልስ ነበር። ቮልሷ ደግሞ ኤርባግ የሚባል አታውቅም። ጋሼ ወንበሩን ሲያስተካክሉልኝ እሱን መሰሉኝ። ምን ልበላችሁ፣ አለቀስኩ። የዚህኛው እንባ ግን የደስታ ነበር።

ሒሳብ ስጠይቅ "ዕቃ አልተቀየረም፣ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው" አሉኝ። የጠሩት ገንዘብ መጀመሪያ ላይ መብራት ለማጥፋት ብቻ ከከፈልኩት ያነሰ ነው። ጨምሬ ልስጥ ብል እምቢ አሉ። ለልጅቷ ብቻ በግድ አስያዝኳት።

ከዚያ ወዲህ መብራቱ አልተመለሰም። ደብረ ብርሃን ደርሼ መጥቻለሁ፣ እንጦጦም ወጥቻለሁ። ቁልፍ ሳዞር ለጥቂት ሰከንድ ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ጋሼ ጤነኛው እንዲህ ነው ብለውኛል። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ይህን ያዙልኝ። ቁልፍ ሲዞር ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አንድ ሰው ነካክቶት ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ። የወንበር ልብስ ስታሠሩ የወንበሩ ጎን ላይ ኤርባግ የሚል ምልክት ካለ ያንን ጎን እንዳይሸፍኑት ንገሯቸው። ከዚያ ውስጥ የሚወጣ ኤርባግ አለ።

ወገኖቼ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ጉዳይ ካላችሁ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። መብራት አልጠፋ ያላችሁ፣ ኮምፒውተር ቀይሩ የተባላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንዴ ለሳቸው አሳዩዋቸው። እህቶቼ፣ እናንተ ደግሞ ሳትሳቀቁ ሂዱ። ባልሽን ጥሪ የሚል የለም። የሚያናግሩት እናንተን ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አንቺም እህቴ እጅሽ ይባረክ፣ የራስሽን ጋራዥ ከፍተሽ ያሳየኝ።

ስልካቸውን እዚህ ያላወጣሁት እጃቸው ሥራ ላይ ሆኖ ሲደወልባቸው ስለሚቸገሩ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ወረፋ አለ።