በክራፍትስ የሴተር ውሾች ዳኝነት፦ ከሪንጉ ዳር የተደረገ ግምገማ

በየዓመቱ በማርች ወር በእንግሊዝ በርሚንግሃም በናሽናል ኤግዚቢሽን ሴንተር የሚካሄደው ክራፍትስ አራት ቀን የሚፈጅ የውሻ ትርኢት ሲሆን፣ ከአራቱ ቀናት አንዱ ለአደን ውሾች የተመደበ ነው። በቴሌቪዥን የሚከታተለው ተመልካች በአብዛኛው የሚያየው የማታውን ፍጻሜ ነው፤ ይህ ግምገማ ግን የሚመለከተው የቀኑን ሥራ፣ በተለይም ሴተር የሚባሉት አራት ዝርያዎች በየሪንጎቻቸው፣ ማለትም በታጠሩ የመወዳደሪያ ቦታዎቻቸው፣ የሚዳኙበትን አሠራር ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ በዝርያ ደረጃ የሚሰጠው ዳኝነት ብቻውን ለትኬቱ የተከፈለውን ዋጋ ያካክሳል፤ የዳኛው እጅ ከውሻው አካል እየራቀ በሄደ ቁጥር ግን የዳኝነቱም ክብደት አብሮ ይቀንሳል።

ሴተር የተፈጠረበትን ሥራ ሳያውቁ ዳኝነቱን መከታተል አስቸጋሪ ነው። ይህ ውሻ ከአዳኙ ፊት ለፊት በሰፊው ገላጣ ሜዳ ላይ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አድርጎ እንደ ግራውስ ያሉ ቆቅ መሰል ወፎችን ጠረን ይፈልጋል፤ ጠረኑን ሲያገኝ ግን አይዘልም፣ አይጮኽም፣ ባለበት አድፍጦ ይቆማል። ጠመንጃ ከመስፋፋቱ በፊት ውሻው ዝቅ ብሎ ሲያደፍጥ አዳኞቹ በወፎቹ ላይ መረብ ይጥሉባቸው ነበር። እንግዲህ ከዚህ ውሻ የሚፈለገው ለሰዓታት ሳይታክት የሚሮጥ አካል፣ ጠረን የሚይዝ አፍንጫና ራሱን የሚገዛ ጠባይ ነው። የውሻ ትርኢት ታሪክ ራሱ ከእነዚህ እንስሳት ይጀምራል ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1859 በኒውካስል የተካሄደውና በብሪታንያ የመጀመሪያው ተብሎ የሚታወቀው ትርኢት ለፖይንተርና ለሴተር ውሾች ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን ሽልማቱም ጠመንጃ ነበር። ቻርልስ ክራፍት በስሙ የሚጠራውን ትርኢት በለንደን ኢዝሊንግተን የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1891 ነው፤ ወደ በርሚንግሃም የተዛወረው ደግሞ ልክ በመቶኛ ዓመቱ በ1991 ነው።

አሁን ወደ ሪንጉ እንግባ። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ፣ በዕድሜና ቀደም ሲል ባገኙት ሽልማት እየተከፈሉ በየምድባቸው ይቀርባሉ። የአንድ ምድብ ውሾች በአንድነት ከዞሩ በኋላ እያንዳንዳቸው ተራ በተራ ወደ ዳኛው ይመጣሉ፤ የተመልካቹም ትኩረት መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ገበያ ወርዶ በሬ የሚመርጥ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ፣ ሻኛውን ዳብሶ፣ ወገቡን ተጭኖ እንደሚያይ ሁሉ የሴተር ዳኛም ከዓይኑ ይልቅ እጁን ያምናል። ከራስ ቅሉ ይጀምራል፤ ከንፈሩን ገልጦ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች የታችኞቹን በስሱ ሸፍነው መግጠማቸውን ያረጋግጣል፤ ከዚያም አንገቱን ተከትሎ ወደ ትከሻው ይወርድና የትከሻው አጥንት ወደ ኋላ ጋደል ብሎ መተኛት አለመተኛቱን በጣቶቹ ይለካል። ትከሻው ቀጥ ብሎ የቆመ ውሻ እርምጃው ስለሚያጥር፣ ሌላው በአንድ እርምጃ የሚሸፍነውን መሬት እሱ ደጋግሞ በመርገጥ ይደክምበታል። ደረቱ ወደ ታች ጠለቅ ያለ፣ ጎድኖቹም ወደ ኋላ የዘለቁ መሆናቸው የሚፈተሸው ለልብና ለሳንባ በቂ ቦታ ስለሚያስፈልግ ነው። የእግሩ መዳፍ ወፍራምና ጣቶቹ የተጠጋጉ ካልሆኑ በድንጋያማና ቁጥቋጦ በሞላበት ሜዳ ላይ ቶሎ ይቆስላል። ወንድ ከሆነ ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ መውረዳቸው ይታያል።

የሴተር ፀጉር ዓይንን ያታልላል፤ ስለዚህ እጅ የግድ ነው። የአንገቱና የጉሮሮው ፀጉር በሠለጠነ መቀስ ሲሳሳ አንገቱ የረዘመ ይመስላል፤ ከሆዱና ከእግሮቹ የሚወርደው ዘርፍ በጥንቃቄ ሲበጠር ጥልቀት የሌለው ደረት ጥልቅ መስሎ ይታያል። ጥሩ ዳኛ ጣቶቹን ከፀጉሩ ሥር አስገብቶ አጥንቱን ሲፈልግ ከሪንጉ ዳር የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ያስተውለዋል፤ ፀጉሩን ከላይ ዳሰስ አድርጎ የሚያልፈው ዳኛም እንዲሁ ይታወቃል። ከዚህ በኋላ ውሻው በሦስት ማዕዘን፣ ቀጥሎም በቀጥታ መስመር እንዲሮጥ ይደረጋል፤ ሲሄድ የኋላ እግሮቹ፣ ሲመለስ የፊት እግሮቹ፣ በጎን ሲያልፍ ደግሞ የእርምጃው ርዝመትና የጀርባው ጽናት ይታያል። ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ስለሆነ ዓይንን ለአፍታ እንኳ ወደ ስልክ መመለስ ያስቀጣል።

ከአራቱ ዝርያዎች ለዳኛ ጥብቅ መመሪያ ያለው፣ ለጀማሪ ተመልካችም የሚቀለው የስኮትላንዱ ጎርደን ነው። ስሙን ያገኘው ከጎርደን አራተኛው ዱክ ከአሌክሳንደር ሲሆን፣ ከአራቱ ሁሉ ከበድ ያለ አጥንት ያለው ነው። ዝርያው ምን መምሰል እንዳለበት በሚደነግገው በብሪታንያው መስፈርት መሠረት ወንዱ 66 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 29.5 ኪሎ ግራም ክብደት፣ ሴቷ 62 ሴንቲ ሜትርና 25.5 ኪሎ ግራም ይጠበቅባቸዋል። ቀለሙ ዝገት የማይታይበት ጥቁር ከሰል ሆኖ፣ በተወሰኑ የአካል ክፍሎች ላይ የሚያበራ ቀይ ቡናማ ምልክት አለው፤ ከዓይኖቹ በላይ ያሉት ሁለት ነጠብጣቦች እንኳ ከ2 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጡ ተወስኗል። በጣቶቹ ላይ የጥቁር ጭረት ይፈቀዳል፤ በደረቱ ላይ ያለች በጣም ትንሽ ነጭ ነጥብም ትታለፋለች። እንዲህ ያለ ዝርዝር መስፈርት ዳኛውን ያስራል፤ ተመልካቹም ከዳኛው ጋር በልቡ እንዲከራከር በቂ መያዣ ይሰጠዋል።

የአየርላንዱ ቀይ ሴተር የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀለሙ ምንም ጥቁር ያልነካው ደማቅ ዳማ መሆን እንዳለበት ሁሉም ይስማማል፤ የብሪታንያው መስፈርት ግን ስለ ቁመት አንድም ቁጥር አያስቀምጥም። ዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን ኤፍ ሲ አይ የሚጠቀምበት የአየርላንድ መስፈርት በአንጻሩ ለወንዱ ከ58 እስከ 67፣ ለሴቷ ከ55 እስከ 62 ሴንቲ ሜትር ወስኗል። በዚህ ምክንያት በበርሚንግሃም ሪንግ ውስጥ መጠናቸው የተራራቁ ውሾች ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ፤ ዳኛው ሚዛኑን ከራሱ ልምድ ማውጣት አለበት። ለእኔ ይህ ነጻነት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ምክንያቱም ትልቅና አንጸባራቂ ውሻ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሁልጊዜ ቀድሞ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ኮረብታ ላይ ግን ያው ትልቅነቱ ሸክም ነው።

እንግሊዙ ሴተር ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ ሎሚ ወይም ጉበት መሰል ዥጉርጉር ያለበት ነው፤ ወንዱ ከ65 እስከ 68 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኤድዋርድ ላቨራክ ያዳቀለው መስመር ዛሬ በሪንግ ውስጥ ለሚታየው መልክ መሠረት ሆኗል። እዚህ ዳኛው ጭንቅላቱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ የአፈሙዙ ርዝመት ከዓይን እስከ ራስ ቅሉ ጫፍ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ዓይኑም በጠቆረ መጠን ይመረጣል፤ ጉበት መሰሉ ብቻ ፈካ ያለ ዓይን ይፈቀድለታል። የአየርላንዱ ቀይና ነጭ ሴተር ደግሞ በነጭ መደብ ላይ ጥርት ያለ ቀይ ጥፍጥፍ ያለበት ቡራቡሬ ሲሆን፣ ዥጉርጉርነት የሚፈቀድለት በፊቱና በእግሮቹ ታችኛ ክፍል ብቻ ነው። ለጌጥ ከሚረቡት ሴተሮች ይልቅ ለሥራ የቀረበ አካል ይዞ የቆየ ዝርያ በመሆኑ ሪንጉ ከሌሎቹ ያነሰ ትዕይንት፣ የበለጠ ቁም ነገር አለው። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ የብሪታንያው የውሻ ዝርያዎች መዝጋቢ ድርጅት ኬኔል ክለብ በዓመት ከ300 በታች ቡችሎች የሚመዘገቡላቸውን አገር በቀል ዝርያዎች ለአደጋ የተጋለጡ ብሎ ሲዘረዝር ይህኛው ከነዚያ ውስጥ ይገኛል።

እዚህ ላይ ዋናው ቅሬታዬ ይነሳል። እያንዳንዱ የብሪታንያ የዝርያ መስፈርት፣ ማንኛውም ጉድለት ሊመዘን የሚገባው በውሻው ጤንነትና ደኅንነት ላይ፣ እንዲሁም የጥንት ሥራውን የመሥራት ችሎታው ላይ በሚያሳድረው ተጽዕኖ መጠን እንደሆነ በግልጽ ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ በቁም ነገር ቢወሰድ ኖሮ እስከ መሬት የሚወርድ የሆድ ዘርፍ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ጉድለት ይቆጠር ነበር፤ በሄዘር ቁጥቋጦ መካከል የሚሮጥ ውሻ ያንን ሁሉ ፀጉር ይዞ ሩቅ አይሄድምና። ፍጥነትም ሌላው ችግር ነው። አንዳንድ አቅራቢዎች ውሻውን ከተፈጥሮ እርምጃው በላይ ያስሮጡታል፤ ተመልካቹም ያጨበጭባል፤ ነገር ግን በዚህ ፍጥነት የትከሻ ጉድለት ይሸፈናል እንጂ አይጋለጥም። ውሻውን ቀስ ብሎ እንደገና እንዲያስሮጥ አቅራቢውን የሚያዝ ዳኛ ካያችሁ ከዚያ ሪንግ አትነሱ።

ሥርዓቱ ራሱ ይህን ክፍተት ያውቀዋል። ከሦስት የተለያዩ ዳኞች ሦስት ቻሌንጅ ሰርተፊኬት (ለዝርያው ምርጥ ወንድ ወይም ሴት የሚሰጥ የምስክር ወረቀት) ያገኘ የአደን ውሻ ሾው ሻምፒዮን ይባላል፤ ያለ ቅጽል ሻምፒዮን ለመባል ግን በመስክ መሥራት መቻሉን የሚያረጋግጥ ተጨማሪ ብቃት ማሳየት ይጠበቅበታል። የትርኢቱን ካታሎግ ገዝቶ ከውሾቹ ስም ፊት የሚጻፉትን ሁለቱን ማዕረጎች ለይቶ ማንበብ የዳኝነቱን ወሰን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል።

በአገልግሎት ረገድ ትልቁ ጉድለት ዝምታው ነው። ዳኛው ውሾቹን አሰልፎ ቦታ ከሰጠ በኋላ ለምን እንደመረጠ ለተመልካቹ የሚነገር ነገር የለም። ዳኛው ስለ አሸናፊዎቹ የጽሑፍ አስተያየት የማቅረብ ግዴታ ቢኖርበትም ጽሑፉ የሚወጣው በኋላ ነው፤ ያም ቢሆን የሚመለከተው የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች እንጂ ከሰልፉ ውጭ የቀሩትን አይደለም። በአውሮፓ አህጉር በኤፍ ሲ አይ ሥር በሚካሄዱ ትርኢቶች በተለመደው አሠራር ዳኛው እያንዳንዱን ውሻ እያየ አስተያየቱን ለጸሐፊ ያስጽፋል፤ ውሻውም እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ በቂ የሚል ደረጃ ይሰጠዋል። በዚያ ሥርዓት መጨረሻ የወጣው ውሻ ባለቤት እንኳ ምክንያቱን በእጁ ይዞ ይሄዳል። ጊዜ እንደሚወስድ እረዳለሁ፤ ይሁን እንጂ ከመላው ዓለም ሰው የሚመጣበት ትርኢት ቢያንስ ለየምድቡ አሸናፊ የሁለት ዓረፍተ ነገር ምክንያት በድምፅ ማጉያ ቢያሰማ ማንም አይጎዳም።

ስለ ማታው ፍጻሜ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአራቱ ሴተሮች አሸናፊዎች እንደ ሪትሪቨርና ስፓንየል ካሉ ሌሎች የአደን ውሾች ጋር በአንድ ላይ ይቆሙና አንድ ዳኛ እያንዳንዱን ከየራሱ መስፈርት ጋር እያነጻጸረ ደረጃ ይሰጣል፤ በወረቀት ላይ ተገቢ አሠራር ነው፤ በተግባር ግን በብርሃንና በጭብጨባ መካከል የተሻለ ያደመቀው ያሸንፋል የሚል ጥርጣሬ አይለቀኝም። የአየርላንዱ ቀይ ሴተር በ1981፣ በ1993፣ በ1995 እና በ1999 የጠቅላላ ትርኢቱ አሸናፊ ሲሆን፣ የእንግሊዙም በ1964፣ በ1977 እና በ1988 ይህንኑ ክብር አግኝቷል፤ አጥንተ ከባዱ ጎርደን ግን አንድ ጊዜም አላገኘውም። ይህ ስለ ውሾቹ ጥራት ከሚናገረው ይልቅ መድረኩ ስለሚወደው መልክ የሚናገረው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የበርሚንግሃም ኢንተርናሽናል ባቡር ጣቢያ ከአዳራሾቹ ጋር በእግር የሚያገናኝ መተላለፊያ ስላለው ከመኪና ይልቅ ባቡር ይሻላል። ለውድድሩ ያልተመዘገበ ውሻ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ዳኝነቱ ጠዋት ስለሚጀምር ዘግይቶ የደረሰ ሰው የቡችሎቹን ምድብ አያገኝም። ውሾቹ ከሪንግ ውጭ ባለው ጊዜ በተመደበላቸው ማረፊያ ላይ ሆነው ለጎብኚ ይታያሉ፤ ባለቤቶቻቸውን ከዳኝነቱ በፊት አለማነጋገር ጨዋነት ነው፤ ከዳኝነቱ በኋላ ግን የጎርደን ባለቤት ስለ ትከሻ ማዕዘን ተጠይቆ አጭር መልስ ሲሰጥ አላጋጠመኝም። የአራቱ ሪንጎች ሰዓት ከተደራረበ የእኔ ምርጫ በመጀመሪያ ጎርደን፣ ቀጥሎ የአየርላንዱ ቀይና ነጭ ነው፤ በሁለቱም ዙሪያ ወንበር ለማግኘት ከቀዩ ሴተር ሪንግ ይልቅ ይቀላል።