«አባባ፣ የሚበሉበትን ሳህን ይዘው ይምጡ»

ይህን የምጽፈው አባቴን ስትከታተልልኝ የከረመችውን የሥነ ምግብ ባለሙያ ለማመስገን ነው። ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ አልጠራውም። ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

አባቴ ዓይነት 2 የስኳር ህመም እንዳለበት ሲነገረው፣ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ አንድ ወረቀት ሰጥተው ሸኙን። ስኳር ክልክል፣ ዳቦ ክልክል፣ ድንች ክልክል፣ ፍራፍሬ ክልክል። ለምን እንደሆነ ያስረዳን የለም። አባቴ የተባለውን የሚያከብር ሰው ነው፤ ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ተወ። ሩዝ ግን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም ነበር። ስለዚህ ሲርበው ሳህኑን በሩዝ ይሞላል። ስኳሩ ሲሰቀል ይደነግጥና እራቱን ይተዋል። ክኒኑን ግን አንድም ቀን አያጓድልም። አንድ ሌሊት ላብ አጥምቆት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ አገኘሁት። ለካሁት፤ 58 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር። ከ70 በታች አደጋ መሆኑን እንኳን ያወቅኩት በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት ሰው ጠቆመኝና ደወልኩላት። «አባባ የሚበሉበትን ሳህን ይዘው ይምጡ» አለችኝ።

ይዘን ሄድን። የበሰለ ሩዝ አቀረበችለትና «እንደ ሁልጊዜዎ ይጨምሩ» አለችው። እሱ በመለኪያ ኩባያ እየሰፈረ ጨመረ፤ ሁለት ሙሉ ኩባያ። «አባባ፣ አንዱ ኩባያ ወደ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። እዚህ ሳህን ላይ 90 ግራም ነው ያለው። የስድስት ቁራጭ ዳቦ ያህል ማለት ነው።» አባቴ ሳህኑን ትክ ብሎ አየው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ዳቦ ከነካሁ ቆየሁ» አለ። አልሳቀችበትም፣ አልተቆጣችውም። ወንበሯን አስጠግታ ከመጀመሪያው ጀመረችለት።

ካርቦሃይድሬት ሲባል ስኳርም፣ ስታርችም (ሩዝ፣ ዳቦና ድንች ውስጥ በብዛት ያለው)፣ ፋይበርም አለበት። ስኳርና ስታርች ተፈጭተው ግሉኮስ ሆነው ደም ውስጥ ይገባሉ። ፋይበር፣ አሰር የምንለው፣ ትንሹ አንጀት ሊፈጨው አይችልም። ስለዚህ እንደ ስታርች ስኳር አያወጣም። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አመጣች። አንዱ ላይ ስኳር፣ ሌላው ላይ የተፈጨ አጃ ጨምራ አማሰለች። ስኳሩ ወዲያው ጠፋ። አጃው ቀስ በቀስ ወፍሮ ዝልግልግ አለ። «በውሃ የሚሟሟው ፋይበር ሆድ ውስጥም እንዲህ ይሆናል። ምግቡ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ፣ ግሉኮሱም ወደ ደም በአንዴ እንዳይገባ ያዘገየዋል» አለችን። እንዲህ ያለው ፋይበር በአጃ፣ በባቄላ፣ በምስር፣ በፖምና በብርቱካን ውስጥ በደንብ አለ። እንደ ስንዴ ፉርሽካ ያለው የማይሟሟው ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅመው ለሆድ ድርቀት ነው።

አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ወደ 40 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከሩዙ ብዙም አያንስም። ግን ከዚያ ውስጥ 15 ግራም ገደማው ፋይበር ነው። ነጭ ሩዝ ውስጥ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር እንዲያገኝ ይመክራል። አባቴ ወረቀቱን ይዞ ስንቱን ያገኝ እንደነበር ሳስበው ያናድደኛል።

አንድ ደብተር ሰጠችው። ከመብላቱ በፊትና መብላት ከጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክቶ ይጽፋል። የሁለት ኩባያው ሩዝ ቀን ከ124 ተነስቶ 241 ገባ። በሳምንቱ ሰላጣውን አስቀድሞ፣ ምስሩን አስከትሎ፣ ሩዙን ወደ ግማሽ ኩባያ አውርዶ በላ። 163። ለብዙ አዋቂ ታማሚዎች ከምግብ በኋላ የሚፈለገው ከ180 በታች ነው። አባቴ ደብተሩን ይዞ እየዞረ ለሁላችንም አሳየን። እሷ ግን «ፋይበሩ ብቻውን አይደለም፣ አጠቃላይ መጠኑም ቀንሷል» ብላ እውነቱን ነገረችው። በዚህ ነው ይበልጥ ያመንኳት።

ፍራፍሬም መለሰችለት፤ ጁስ ሳይሆን ፍሬውን ራሱን፣ በልክ። ሲጨመቅና ሲጠለል አብዛኛው ፋይበር ይቀራል፤ በአንድ ብርጭቆ ደግሞ የሦስት አራት ብርቱካን ስኳር በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል።

ስኳር ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያን ሌሊት እኔ ደንግጬ ያበላሁት ባቄላ ነበር። ለካ በዚያ ሰዓት ፋይበር ጠላት ነው፤ ማዘግየቱ ራሱ ይጎዳል። የሚፈለገው 15 ግራም ቶሎ የሚሠራ ስኳር ነው፤ ለምሳሌ ግማሽ ኩባያ ጁስ። ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት፣ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ መድገም። ራሱን የሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ የድንገተኛ እርዳታ ነው የሚጠራው። ይህን በእጇ ጽፋ ሰጠችኝ። አሁን የወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

መድኃኒቱን በራሷ አልነካችም። ያ 58 ለምን እንደመጣ፣ እራቱን እየተወ ክኒኑን ይውጥ እንደነበር፣ ለሐኪሙ ጻፈችለትና መጠኑ እንደገና ታየ። ፋይበሩንም በአንዴ አላስጨመረችውም፤ ሆድ ስለሚነፋ ቀስ እያለ፣ ከብዙ ውሃ ጋር ነበር።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ ከእኛ ጋር እኩል ገበታ ቀርቦ መብላት ጀምሯል።

ስኳር ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ሐኪማችሁን ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲልካችሁ ጠይቁት። የክልከላ ወረቀት ሰጥቶ የሚሸኛችሁ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ስትሄዱ የስኳር መለኪያውን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የምትበሉበትንም ሳህን ይዛችሁ ሂዱ።