ስማርት ስፒከር ከ14 ወር በኋላ፦ ምን ሠራ፣ ምን አስቸገረ

ስለ ስማርት ስፒከር፣ ማለትም በድምፅ ስለሚታዘዝ ስፒከር፣ የሚጻፈው ግምገማ አብዛኛው ዕቃው ከካርቶኑ በወጣ በሳምንቱ የተጻፈ ነው። በዚያ ሳምንት ሁሉም ነገር ደስ ይላል፤ ቀልድ ያወራል፣ የአየሩን ሁኔታ ይናገራል፣ ልጆች ከብበውት ይውላሉ። እዚህ የምታነቡት ግን ሦስት ክፍል ውስጥ 14 ወር ሙሉ ከሶኬት ሳይነቀሉ ስለከረሙ ሦስት ስፒከሮች ነው። ሁለቱ የአንድ ኩባንያ፣ አንዱ የሌላ ናቸው። የትኛው የማን እንደሆነ መናገሩ ብዙም አይጠቅምም፤ ችግሮቹ ይመሳሰላሉ፣ መፍትሔያቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገርና እንገላገል። በየቀኑ የሚሠራው ሥራ አራት ብቻ ሆኖ ቀርቷል፦ ታይመር፣ አላርም፣ መብራትና ሙዚቃ። ግዢውን፣ ጨዋታውን፣ የዜና ማጠቃለያውንና ተጨማሪ አፖቹን ከሁለተኛው ወር በኋላ የነካቸው የለም። ያም ሆኖ ዕቃው ይጣል የሚል ሰው አልተገኘም። እጅ በሳሙና ተለውሶ ሳለ የ12 ደቂቃ ታይመር የሚሞላ ሌላ ዕቃ ቤት ውስጥ የለም። እነዚህ አራቱ በደንብ መሥራት አለመሥራታቸውን የሚወስኑት ደግሞ ስፒከሩ የተቀመጠበት ቦታ፣ ራውተሩና ለመብራቶቹ የወጣላቸው ስም ናቸው። ውድ ሞዴል መግዛት ከሦስቱ አንዱንም አያስተካክልም።

ከቦታው እንጀምር። ስፒከሩ አናቱ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ማይክራፎኖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የመጀመሪያው አማዞን ኢኮ 7 ነበሩት፤ በ2016 የመጣው ጉግል ሆም በ2 ብቻ ነው የሠራው። ድምፃችሁ አንዱ ማይክራፎን ጋ ከሌላው በጥቂቱ ቀድሞ ይደርሳል። መሣሪያው ከዚያች ልዩነት የት እንደቆማችሁ ይገምትና ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣውን ድምፅ ያዳክማል። ጥግ ውስጥ ከተወሸቀ ግን ያው ድምፅ ከሁለት ግድግዳ ተንጸባርቆ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣበትና ግምቱ ይበላሻል። ስለዚህ ከግድግዳ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ከቴሌቪዥን፣ ከቬንትሌተርና ከውሃ ቧንቧ አጠገብም አይሁን። ከጥግ መደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ ሲዛወር "አይሰማም" የሚለው እሮሮ በዚያው ቀን ይቀንሳል።

ራሱ ሙዚቃ እያጫወተ እንኳ የሚሰማው፣ የሚያወጣውን ድምፅ ስለሚያውቀው ከሰማው ላይ ቀንሶ የቀረውን ስለሚያዳምጥ ነው። በብሉቱዝ ከትልቅ ስፒከር ጋር ስታገናኙት ይህ ችሎታው ይዳከማል። ድምፁ ዘግይቶ፣ ከሌላ ቦታና በሌላ ቅላጼ ስለሚወጣ ቅነሳው ልክ አይመጣም፤ ያን ጊዜ መጮህ ይጀመራል። ትልቅ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ተለቅ ያለውን ስፒከር ቢገዛ ይሻለዋል። ስለ ድምፅ ጥራት ሌላ የምንለው የለም፤ ትንሹ ለወሬ፣ ትልቁ ለሙዚቃ ነው።

መስኮት ላይ አለማስቀመጥም ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲና የቶኪዮ ተመራማሪዎች የሌዘር ጨረር ማይክራፎኑ ላይ በመላክ ያለምንም ድምፅ ትእዛዝ መስጠት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ከ110 ሜትር ርቀት ሳይቀር። እውነቱን ለመናገር ይህ ሊያሳስበው የሚገባው የበር ቁልፉን ከስፒከሩ ጋር ያገናኘ ሰው ነው። ለሌላው የበለጠ የሚቀርበው ጉዳት የጠረጴዛው ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሆምፖድ ዘይት ወይም ሰም የተቀባ እንጨት ላይ ነጭ ቀለበት ይተው እንደነበር ራሱ አፕል አምኗል፤ ምክንያቱ ከሥሩ ያለው ሲሊኮን ነበር። ሲሊኮን እግር ላለው ማንኛውም ስፒከር ጨርቅ ማንጠፍ አይጎዳም።

ስፒከሩን የሚያሳማው በአብዛኛው የራውተር ጥፋት ነው። ስፒከሮቹ በሁለቱም የዋይፋይ ሞገዶች፣ በ2.4ም በ5 ጊጋኸርትዝም ይሠራሉ፤ የዋይፋይ አምፖሎችና ሶኬቶች ግን አብዛኞቹ 2.4 ብቻ ናቸው። ራውተሩ ሁለቱን በአንድ ስም ካጣመራቸውና ስልካችሁ በ5ቱ በኩል ከገባ፣ አፑ አምፖሉን ፍለጋ ሲሽከረከር ቆይቶ "አልተገኘም" ይላል። አምፖሉ አልተበላሸም። ራውተሩ ላይ 5 ጊጋኸርትዙን ለጊዜው አጥፍታችሁ አምፖሉን አስገቡ፣ ከዚያ መልሳችሁ አብሩት። ስልኩን በዋናው ኔትወርክ፣ ስፒከሩን በእንግዳ ኔትወርክ ማድረግም ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። የእንግዳው ኔትወርክ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ስለሚከልል ሙዚቃ ከስልክ ወደ ስፒከር አይሄድም።

ራውተር ስትቀይሩ አዲሱ ላይ የድሮውን የዋይፋይ ስምና ፓስወርድ በፊደል ሳይዛነፍ ስጡት። ትልቁም ትንሹም ፊደል፣ ባዶ ቦታውም ጭምር አንድ ይሁን። የጥበቃ ዓይነቱንም እንደ ድሮው አድርጉት፤ አንዳንድ አምፖሎች አዲሱን ዓይነት አያውቁትም። ሁሉም መሣሪያ ምንም እንዳልተፈጠረ ራሱ ይገባል። ይህን ያላደረገ ሰው እያንዳንዱን አምፖል አንድ በአንድ እንደገና ሲያስገባ ቀኑ ይመሻል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ስፒከሩ ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳል፣ ኢንተርኔት ያጣል፣ ስህተት ይናገራል። እዚህ ጋ ሪሴት የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ አታድርጉት። 5 ደቂቃ ጠብቁ። ካልተመለሰ ከሶኬት ነቅላችሁ 30 ሰከንድ ቆይታችሁ ሰኩት። ሪሴት ሁሉንም ማስተካከያ ስለሚያጠፋ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ኢንተርኔት ብቻ ሲጠፋ ቀድሞ የተሞላ አላርም መጮሁን አይተውም፤ አዲስ አላርም በድምፅ መሙላት ግን በአብዛኞቹ ላይ አይቻልም፣ የሚጮኸውንም አናቱ ላይ ተጭኖ ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ መብራቶቹ። ይህ ከሁሉም ብዙ ያስተማረው ክፍል ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሰው ስሞቹን እንዲህ ያወጣል፦ "ቤድሩም ላይት"፣ "ቤድ ላይት"፣ "ቤድሩም ላምፕ"። ረዳቱ (ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) መለየት ሲያቅተው ወይ "የትኛውን?" ብሎ መልሶ ይጠይቃል፣ ወይ ያላላችሁትን ያበራል። እኩለ ሌሊት ላይ በሹክሹክታ "ቤድ ላይት" ያለ ሰው ጣሪያው ላይ ያለው ቦግ ሲልበት አብሮት የተኛውም ይነቃል። አጀማመራቸው የማይመሳሰል አጫጭር ስሞች ስጡ፤ "ዊንዶው"፣ "ዴስክ"፣ "ኮርነር" ችግር አያመጡም። የክፍሉን ስም ለክፍሉ ብቻ ተዉት፤ "ኪችን" የሚባል ክፍል ውስጥ "ኪችን" የሚባል አምፖል ካለ በዚያ ስም ብዙ ነገር አለ ይላችኋል። ስፒከሩን ራሱን ክፍሉ ውስጥ መመዝገብ አትርሱ። ያን ጊዜ "ተርን ኦፍ ዘ ላይትስ" ሲባል የዚያን ክፍል ብቻ ያጠፋል፤ ካልተመዘገበ የቤቱን ሁሉ ሊያጠፋ ይችላል። ስሙን በአምፖሉ አፕ ከቀየራችሁ ለአሌክሳ (የአማዞን ረዳት) "ዲስከቨር ዲቫይስስ"፣ ለጉግል "ሲንክ ማይ ዲቫይስስ" በሉና አዲሱን ስም ይሳብ። የድሮው ስም "አይመልስም" ተብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ከቀረ በእጅ አጥፉት፤ አለዚያ ትእዛዙን እየተቀበለ ዝም ይላል።

የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ የስማርት አምፖል ጠላት ነው። እንግዳ መጥቶ በግድግዳው ካጠፋው አምፖሉ ኃይል የለውም፣ ስለዚህ በድምፅ አይበራም። ማብሪያው ላይ ፕላስተር መለጠፍ ያስቃል እንጂ ይሠራል። ሰው የሚበዛበት ክፍል ከሆነ ግን አምፖሉን ትቶ ማብሪያውን ራሱን በስማርት መቀየር ይሻላል፤ ያኔ በእጅም በድምፅም ይሠራል። ሲገዛ ግን ኑል (ኒውትራል) ሽቦ የሚፈልግ መሆን አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ የድሮ ማብሪያ ሳጥን ውስጥ ኑል አልገባም። ሌላው፦ መብራት ሌሊት ሄዶ ሲመጣ አምፖሎቹ በሙሉ ድምቀት ይበራሉ። ፋብሪካው እንዲህ ያደረገው ማብሪያውን አጥፍቶ ያበራ ሰው ብርሃን እንዲያገኝ ነው። አፑ ውስጥ ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ ካለ "የነበረበት ሁኔታ" የሚለውን ምረጡ።

ታይመር ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ "ፊፍቲን" እና "ፊፍቲ"። 15 ያላችሁት 50 ሆኖ ይሞላል። መልሶ የሚናገረውን ቁጥር አዳምጡ፤ ወይም 50 ለማለት 49 በሉ፣ "ፎርቲ ናይን"ን ከምንም ጋር አያምታታውም። ከአንድ በላይ ታይመር ሲኖር ስም ስጡት፣ ለምሳሌ "ላውንድሪ ታይመር"።

አማርኛ ለሚናገር ሰው ትልቁ ጉድለት ቋንቋው ነው። እነዚህ ስፒከሮች በአማርኛ አይታዘዙም፤ በእንግሊዝኛ ስናዛቸው ደግሞ የአማርኛ ስሞችን ያበላሻሉ። እንግሊዝኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ የሚባሉ ድምፆች የሉትም፤ መሣሪያው ወደ ተ፣ ቸ፣ ከ እና ሰ ያስጠጋቸዋል። ለ"ጸሐይ" ደውል ሲባል የሌላ ሰው ስም ያነሳል። መላው እንዲህ ነው፦ አዘውትራችሁ የምትደውሉላቸውን አራት አምስት ሰዎች ስልኩ ላይ በእንግሊዝኛ ቃል መዝግቡ፤ "ማዘር"፣ "ብራዘር ዋን" ይበቃል። የአማርኛ ዘፈን በርዕሱ መጥራት ልፋት ነው፤ ርዕሱ አንዱ ጋ በፊደላችን፣ ሌላው ጋ በላቲን ተጽፏል፣ የላቲኑም አጻጻፍ ሦስት ዓይነት ነው። ዘፈኖቹን በስልክ ሰብስባችሁ ዝርዝሩን "ብሉ ሊስት" ወይም "ግሪን ሊስት" በሉትና በዚያ ስም ጥሩት። ከ10 ጊዜ 10 ጊዜ ይሰማል።

ስለ ማዳመጡም ግልጽ እንሁን። ማንቂያ ቃሉን፣ ማለትም ስፒከሩ የሚነቃበትን እንደ "አሌክሳ" ያለውን ስም፣ የሚለየው ስፒከሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ከቃሉ በኋላ ያለው ድምፅ ግን ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄዳል። አማዞን በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ድምፁ ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርግ ምርጫ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. ከማርች 28 ቀን 2025 ጀምሮ አቁሞታል። ይኸው ኩባንያ የሕፃናትን የድምፅ ቅጂ ሳይደመስስ በመያዙ የቀረበበትን ክስ እ.ኤ.አ. በ2023 በ25 ሚሊዮን ዶላር ዘግቷል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር አድርጉ። አፑ ውስጥ ቅጂዎቹ በየ3 ወሩ ራሳቸው እንዲጠፉ አድርጉ፤ በድምፅ መግዛትንም ዝጉ ወይም ባለ 4 አኃዝ ቁጥር አስሩበት። ቴሌቪዥኑ ስሙን የሚጠራው ከሆነ በአሌክሳ ማንቂያውን ወደ "ኢኮ" ወይም "ኮምፒውተር" መቀየር ይቻላል፤ የጉግሉ አይቀየርም። ከቃሉ ውጭ በስህተት የሚነቃበትን ጊዜ የታሪክ ገጹ ላይ ገብታችሁ ስታዩት ትገረማላችሁ፤ አብዛኛው የቴሌቪዥን ንግግር ነው።

ወጪው ትንሽ ነው። ዝም ብሎ ሲጠብቅ 2 ዋት አካባቢ ቢወስድ በዓመት 17.5 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ዳታ በመለኪያ ለሚከፍል ሰው ግን ሙዚቃው ይቆጠራል፤ በሰከንድ 320 ኪሎቢት የሚፈስ ሙዚቃ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል፣ በር ተዘግቶ ለማንም ሲዘፍን ቢውልም ያው ነው። በዩኤስቢ የሚሠራውን ደግሞ በአሮጌ 5 ዋት የስልክ ቻርጀር አትሰኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ደህና ይመስላል፤ ድምፁ ከፍ ሲል ኃይል ያንሰውና ጠፍቶ ይነሳል፣ እናንተም ስፒከሩ ሞተ ትላላችሁ። ጨርቁ አቧራ ይይዛል፤ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል፣ ውሃ አይነካው።

ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ ቁልፉን ተጭኖ ሪሴት ማድረግ ግማሹ ሥራ ነው፤ የአማዞኑ ትንሽ ስፒከር ኢኮ ዶት ላይ ባለ ነጥቡን ቁልፍ ከ20 እስከ 25 ሰከንድ፣ የጉግሉ ኔስት ሚኒ ላይ ማይክራፎኑን አጥፍቶ አናቱን 15 ሰከንድ ያህል። የቀረውን አፑ ላይ ጨርሱት፦ መሣሪያውን ከአካውንታችሁ አውጡ፣ ከዚያ የድምፅ ታሪኩን ደምስሱ። ቅጂዎቹ የተቀመጡት ስፒከሩ ውስጥ ስላልሆነ በቁልፉ አይጠፉም።