ካውንስለር መቅጠር ወይስ ሠራተኛን በሰዓቱ ወደ ቤቱ መላክ?

ሠራተኛው ተጨንቋል፣ ዝሏል። በጀቱ ደግሞ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው እንበል።

ካውንስለር ጥሩ ነው። እንቅልፍ ያጣ ወይም ሐዘን የከበደው ሰው የሚያዳምጠው ባለሙያ ያገኛል፣ ካስፈለገም ወደ ሐኪም ይመራዋል። ችግሩ፣ እኛ አገር ሰው "አማኑኤል ሄደ" መባልን ይፈራል፤ ክፍሉ ከሰው ኃይል ቢሮ አጠገብ ከሆነማ ማን ደፍሮ ይገባል? ከግቢ ውጭ ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛው አዲስ ነገር አይደለም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ የተጻፈውን ማክበር ነው፦ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፤ ትርፍ ሰዓት ቢኖር እንኳ በሳምንት ከ12 አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን። የሕመም ፈቃድም አለ፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ። ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ በቴሌግራም "ይቺን ብቻ ጨርስልኝ" የሚል አለቃ ካለ ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እኔ ብሆን ከሁለተኛው እጀምራለሁ። ሥራ ያደከመውን ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት አናግሮ እዚያው ሥራ ውስጥ መልሶ መክተት ምን ይረባል? ከባድ ድብርት ያለበት ግን በዕረፍት ብቻ አይድንም፣ እሱ ሐኪም ያስፈልገዋል።