ትከሻዬ በልዟል፣ ጥርሴ ግን አለ

በቀኝ እጄ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ግራ ትከሻዬን ቀበቶው አበልዞታል። እሱ ባይይዘኝ ኖሮ ዛሬ ጥርሴን ከአውሮፕላኗ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ሥር እለቅም ነበርና፣ ማመስገን ያለብኝ ሰው አለ።

እዚህ ቨርጂኒያ ለሦስት የገዛናት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 የተሠራች ሴስና 172 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን አለችን። ዘንድሮ ለዓመታዊው ምርመራ ሙያቸውን ቦሌ ወደጀመሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰድናት። ሞተሩን ይከፍታሉ ስንል የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው ወንበር ሥር ገቡ። የሴስና ወንበር የሚረጋው ወለሉ ላይ ባለው ሀዲድ ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ፒን ነው። ቀዳዳው በእርጅና ሲሰፋ ፒኑ ያመልጣል፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ አብራሪውም ሳያስበው መሪውን ስቦ ይሄዳል። በዚህ ሳቢያ አደጋ ስለደረሰ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ከ1987 ጀምሮ ሀዲዱ በየጊዜው እንዲመረመር አዟል። ቀዳዳው ከ0.36 ኢንች ካለፈ ሀዲዱ ይቀየራል። የእኛ አልፎ ነበር።

«ጋሼ፣ ለዘንድሮ ይለፉን» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ እኔ የምፈርመው ለእናቶቻችሁ ነው።»

ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰካውን የትከሻ ቀበቶም አውርደው አቧራውን አራገፉት። በዚያ ዘመን ሴስና ላይ ከወገቡ ቀበቶ ተለይቶ ስለሚቀመጥ ረስቼው ነበር፤ ሳላስረው ስንት ጊዜ እንደበረርኩ አልነግራችሁም።

ቅዳሜ ለት ለማረፍ ስመጣ በሰዓት 70 ማይል ገደማ መሆን ሲገባኝ 90 ነበርኩ። ነፋስ አልነበረም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። አልወርድ ብላ ስትንሳፈፍ በግድ ተጫንኳት፤ በፊት ጎማዋ ነክታ ነጠረች። ሙሉ ጉልበት ሰጥቼ እንደገና መነሳት ሲገባኝ መሪውን ገፋሁት። በሦስተኛው ንጥረት የፊት ጎማው እግር ተሰበረ፣ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን መትቶ ተጣመመ፣ ሣር ውስጥ ገብተን ቆምን። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ነዳጁን ዘግቼ፣ ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠውን ማግኔቶና ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ አጥፍቼ ወጣሁ።

ጋሼ ሲደርሱ ፕሮፔለሩን ዘወር ብለውም አላዩት። እጃቸውን ወንበሩ ሥር ከትተው ፒኑን ዳሰሱ። «ይዟል» አሉ። «አንተስ?» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ፕሮፔለር መሬት ከመታ ሞተሩ ተፈትቶ መታየት አለበት፤ እሱንም የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ርካሽ አይደሉም፤ ቸኩላችሁ ከሄዳችሁም ትጣላላችሁ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ አብራሪዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የሚያነሱት ከምሳ በኋላ ነው።